መርፌ ቁልፏ

የሴትዮዋ ጃኬት ቁልፍ የለውም። ቁልፉ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት መርፌ ቁልፍ ተሰክታለች። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋለች፤ ከባርኔጣው ሥር የሸበተ ጸጉሯ ይታያል። ፊቷ በጥቁርና በነጭ ሰረዝ የተተለተለ ነው፤ ፀሐይ ሲያርሰው የኖረ ፊት። ቀና ብላ ወደ ሩቅ ታያለች። አታለቅስም፣ አትለምንም፣ እኛንም አታየንም።

"ይቺንማ አውቃታለሁ" አለችኝ ከጎኔ የቆመችው የአክስቴ ልጅ።

ሠዓሊዋን ማለቷ መሰለኝ። "ከየት ታውቂያታለሽ፣ እትዬ?"

"ሠዓሊዋን ማን አላት! ሴትዮዋን ነው እንጂ። አያታችን ከደረቷ ላይ መርፌ ቁልፍ ተለይቷት ያውቃል?"

እውነቷን ነው። የአያታችን ቀሚስ ደረት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መርፌ ቁልፍ ነበር። እሾህ ይወጣበታል፣ የመቀነት ክር ይሳብበታል፣ የተቀደደ ይያዝበታል፣ ብር የተቋጠረበት መሐረብ ይታሰርበታል። ድህነት ይሁን ጥንቃቄ፣ እኛ ልጆቹ ለይተን አናውቅም ነበር። ብቻ መርፌ ቁልፉ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2025 በግንቦት ወር፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ እትዬ ከሥራ ባረፈችበት ቀን "እስኪ አንድ ነገር ላሳይህ" ብላ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ይዛኝ ገባች። ምን እንደሚታይ እሷም አላወቀችም። መግቢያው በነፃ ነው፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ መቀመጫ አለው፤ ምክንያቷ ይኸው ነበር። የገጠመን ግን የኤልዛቤት ካትሌት ትልቅ ኤግዚቢሽን ሆነ።

መቼም አንዳንዱ ቀን እንዲህ ነው። ወንበር ፍለጋ ገብተን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግራችን ቆመን ወጣን።

መርፌ ቁልፍ የሰካችው ሴት የአሜሪካ ጥቁር ገበሬ ናት። ስዕሉ በአሜሪካ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚታተም፣ የደቡቡን ምድር ያቀናችው ሴት መልክ ተብሎ የሚጠቀስ ነው። የተሠራው ግን አሜሪካ ውስጥ አይደለም። በ1952 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነው። ሠዓሊዋ ከአገሯ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አገሯ በሯን ዘጋችባት። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፦ ከአገሯ ወጥታ አገሯን ስለሣለች ሴት።

ኤልዛቤት ካትሌት በ1915 እዚያው ዋሽንግተን ዲሲ ተወለደች። አባቷ የሂሳብ መምህር ነበር፤ እሷ ሳትወለድ ሞተ። እናቷ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆችን እየተከታተለች በምታገኘው ደመወዝ ልጆቿን አሳደገች። አያቶቿ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ልጅቷ የባርነትን ታሪክ ያገኘችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቷ አፍ ነው።

ከዚያ የበሮቹ ታሪክ ይጀምራል። ፒትስበርግ በሚገኘው የካርኒጊ የቴክኖሎጂ ተቋም የሥነ ጥበብ ፈተና ተፈተነች፤ አለፈች። ጥቁር መሆኗ ሲታወቅ ግን አንቀበልሽም አሏት። ተመልሳ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ያለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሀዋርድ ገባች። በ1935 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች።

ሀዋርድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ያስተማረበት ቤት ነው። ካትሌት በተመረቀችበት በዚያው በ1935፣ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ አንድ ኢትዮጵያዊም ነበር፦ ዶክተር መላኩ በያን። ወዲያው ጣልያን አገራችንን ወረረ። መላኩም ወደ ጦርነቱ መጣ፤ ኋላም ኒውዮርክ ተመልሶ የአሜሪካን ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ሲያስተባብር ኖሮ በ1940 አረፈ። ለካትሌት የዲዛይን ትምህርት ያስተማረቻት ሎይስ ማይሉ ጆንስ ደግሞ በ1932 አንድ ሥዕል ሣለች፤ ርዕሱ ውስጥ ያለው ስም የእኛው ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ ላይ ስትወጣ እንደ ማለት። በዚያ ሥዕል ውስጥ ኢትዮጵያ ማለት እኛ ብቻ አይደለንም፤ ጥቁር የተባለ ሁሉ ነው። ስማችን በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ከሀዋርድ በኋላ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። እዚያ ያስተማራት ግራንት ውድ ነው። ያ ሹካውን የያዘ ገበሬና ፊቷን ያጠቆረች ሴት ከእንጨት ቤት ፊት የቆሙበትን የ1930 ሥዕል የሣለው ሰውዬ። ይህ ነጭ መምህር አንድ ምክር ሰጣት፤ ከሁሉ አብልጠሽ የምታውቂውን ሥሪ አላት። እሷ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ደግሞ ጥቁር ሴቶችን ነበር። ከነጭ ድንጋይ እናትና ልጅ ቀረፀች፤ በ1940 ቺካጎ ላይ በተደረገ የጥቁሮች ትልቅ ኤግዚቢሽን አንደኛ ወጣችበት። በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው በቅርጻ ቅርጽ የማስተርስ ዲግሪ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሆነች። ይህ ሁሉ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ቤት ለጥቁር ዝግ ስለነበር ከከተማው ሰው ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው።

ሦስተኛው በር ኒው ኦርሊንስ ነው። ዲላርድ በሚባል የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍሉ ኃላፊ ሆና ሳለ የፒካሶ ኤግዚቢሽን ወደ ከተማው ሙዚየም መጣ። ሙዚየሙ የሚገኘው መናፈሻ ውስጥ ነው፤ መናፈሻው ደግሞ ለጥቁር አይፈቀድም። ወደ ሙዚየሙ ለመግባት መናፈሻውን ማቋረጥ ግድ ነው። ታዲያ ምን አደረገች? ሙዚየሙ ለሕዝብ በሚዘጋበት ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ አስፈቅዳ ተማሪዎቿን በአውቶቡስ ጭና አውቶቡሱን ሙዚየሙ ደጃፍ ድረስ አስጠጋችው። ልጆቹ የመናፈሻውን ሣር ሳይረግጡ ከአውቶቡስ ወርደው ፒካሶ ፊት ቆሙ። ብዙዎቹ ሙዚየም ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ይህቺን ታሪክ ለእትዬ ስተረጉምላት ሳቀች። "እኛ ብንሆን ኖሮ አቤቱታ እየጻፍን ኤግዚቢሽኑ ያልቅ ነበር" አለች።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ካትሌት ኒውዮርክ፣ ሀርለም ውስጥ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ትምህርት ቤት በሚባል የማታ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ተማሪዎቿ የቤት ሠራተኞች፣ ወጥ ቤቶች፣ አጣቢዎች፣ የፅዳት ሠራተኞች ናቸው። ቅርጻ ቅርጽ ታስተምራለች፤ የልብስ ስፌትም ታስተምራለች። ቀን የሰው ቤት ሲጠርጉ ውለው ማታ ስለ ሙዚቃና ስለ ሥነ ጥበብ ለመስማት የሚመጡትን እነዚህን ሴቶች ባየች ጊዜ ነው ለማን መሥራት እንደሚገባት የቆረጠችው። እስከዚያ ድረስ ሥራዋን የሚያይላት የተማረው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እነዚህ ሴቶች እንዲያዩት ፈለገች።

ችግሩ እነሱ ቅርጻ ቅርጽ አይገዙም። ነሐስ ውድ ነው፤ ድንጋይ አይንቀሳቀስም፤ ጋለሪ አይሄዱም። ታዲያ በምን ይደረስላቸው?

መልሱን ያገኘችው ሜክሲኮ ነው። ስለ ጥቁር ሴቶች ተከታታይ ሥራ ለመሥራት ከሮዘንዋልድ ፈንድ የገንዘብ ድጋፍ አግኝታ ነበር፤ የኒውዮርክ ሩጫ ግን ጊዜ አልሰጣት አለ። በ1946 ከመጀመሪያ ባሏ ከሠዓሊው ቻርለስ ዋይት ጋር ሜክሲኮ ሲቲ ገባች። እዚያ "ታዬር ደ ግራፊካ ፖፑላር" የሚባል ቤት አለ፤ የሕዝብ ኅትመት ወርክሾፕ እንደ ማለት ነው። በ1937 የተመሠረተው በሊዮፖልዶ ሜንዴስና በጓደኞቹ ነው። ሜክሲኮ ስትነሳ እነ ዲዬጎ ሪቬራ በየመንግሥት ሕንፃው ላይ የሣሏቸው ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎች ይነሳሉ። የወርክሾፑ ሰዎች ግን ሥራቸው ወረቀት ላይ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ፖስተር፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በራሪ ወረቀት፣ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሆን ስዕል። ከሥራቸው መካከል ግድግዳ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ዝናብ የሚያወርደው ብዙ ነው።

አሠራራቸው ደግሞ የጋራ ነው። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ሥራውን ያቀርባል፤ ሌሎቹ ይተቹታል። ይኼ እጅ ልክ አይደለም፣ ይኼ ነገር ለገበሬው አይገባውም፣ ይኼኛው አጉል ውበት ነው ይሉታል። ሠዓሊውም ተመልሶ ያስተካክላል። በአገሯ ከበር የተመለሰች ሴት እዚህ ከጠረጴዛው አንዱ ጫፍ ላይ ቦታ ተሰጣት።

ሊኖከት የሚባለውን ሥራ የተማረችው እዚያ ነው። ሊኖሊየም ወለል ላይ የሚነጠፈው ነገር ነው። ቆርጠህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ በትንንሽ መሮ ትቦረቡረዋለህ፤ ከዚያ ላዩን በሮለር ቀለም ትቀባና ወረቀት አልብሰህ ትጫነዋለህ። የቦረቦርከው ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልነካኸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚታተመው። ብርሃን የምትፈልግ ከሆነ መቁረጥ አለብህ፤ አንዴ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ዋጋው ርካሽ ነው። ከአንድ ገበታ ብዙ ቅጂ ይወጣል። ድንጋይ ስትቀርፅ የኖረች ሴት መሮውን ይዛ ወደ ወረቀት ተሻገረች።

በ1946 እና በ1947 አሥራ አምስት ሊኖከቶችን ሠራች። "ጥቁሯ ሴት" ተብለው ነው ዛሬ የሚታወቁት። እያንዳንዳቸው ከደብተር ገጽ አይበልጡም። ርዕሶቻቸውን በተርታ ብታነቧቸው እንደ አንድ ሰው ንግግር ይያያዛሉ። የምትናገረውም ራሷ ሴትዮዋ ናት። መጀመሪያ እኔ ነኝ ትላለች። ሁልጊዜ ስሠራ ነው የኖርኩት ትላለች። በእርሻ ላይ፤ በሰው ቤት። ከዚያ የታሪክ ሴቶች ይመጣሉ። ባሮችን እየመራች ወደ ነፃነት ያሻገረችው ሀሪየት ተብማን ግዙፍ ክንዷን ዘርግታ መንገድ ትጠቁማለች፤ ከኋላዋ ሰዎች ተሰልፈዋል። ለሴቶችም ለጥቁሮችም መብት የተሟገተችው ሶጀርነር ትሩዝ አለች፤ በባርነት ሆና ግጥም የጻፈችው ፊሊስ ዊትሊ አለች። ቀጥሎ ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ ሁሉ ድካም ዋጋዬ ምን ሆነ ትላለች፤ ፊቷ ከሾህ ሽቦ ጀርባ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ለጥቁር የተከለለ መቀመጫ አለ። ከዚያ አንድ ወንድ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ አንገቱ ላይ ገመድ አለ፤ በላዩ የሚታየው የቆሙ ሰዎች እግር ብቻ ነው። ርዕሱ ስለ ምወዳቸው ሰዎች የምፈራው የተለየ ፍርሃት አለኝ የሚል ነው። መጨረሻው ላይ ፊቷ ብቻውን ቀና ብሎ ይመጣል፤ መብቴ ከሌላው አሜሪካዊ እኩል የሆነ ነገ ነው ትላለች።

እትዬ የቆመችው አራተኛው ላይ ነበር። መጥረጊያ የያዘች ሴት ናት፤ በሰው ቤት። እሷን እያየሁ ሌላ ሁለት ስዕል አለፍኩ፤ ዞር ስል እዚያው ናት። እትዬ ዋሽንግተን የገባች ሰሞን አራት ዓመት የሰው ቤት አጽድታለች። አዲስ አበባ ለእኛ የምትጽፈው ግን "ሥራ ደህና ነው" ብላ ነበር። እኛም ደህና መስሎን ጫማና ጃኬት እናዝ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም። መጥረጊያው አያያዟ ልክ ነው" አለች።

ያቺ የሜክሲኮ ወርክሾፕ ትችት ይቺን ዓረፍተ ነገር ብትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

መርፌ ቁልፏ የመጣችው ከእነዚህ ቀጥላ፣ በ1952 ነው። የስዕሉ ርዕስ በእኛ አፍ "እኩል አራሽ" ብንለው ይስማማል። የአሜሪካ ባርነት በ1865 ሲያበቃ ነፃ የወጣው ሕዝብ መሬት አልተሰጠውም። የድሮ ጌታውን መሬት አርሶ ምርቱን ያካፍላል። ዘሩን፣ በቅሎውን፣ የክረምት ቀለቡን በዱቤ ይወስዳል፤ ጥጡ ተለቅሞ ሂሳብ ሲተሳሰብ ደግሞ ባለዕዳ ሆኖ ይነሳል። ሲሶ አራሽና እኩል አራሽ የሚሉ ቃላት ላሉት ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያሻም። የካትሌት መሮ በዚያች ሴት ፊት ላይ ያሰፈራቸው ሰረዞች ከእርሻ ትልም ጋር ይመሳሰላሉ። አገጯና ጉንጯ እንደ አፍሪካ ጭምብል በጠርዝ በጠርዝ የተቆረጠ ነው፤ ከፒካሶም ከቅርጻ ቅርጽም የተማረችው ዘመናዊነት እዚህ አለ። ግን ሥዕሉን ለመረዳት ዘመናዊነት ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። መርፌ ቁልፉን ማወቅ ይበቃል።

በ1943 ኒውዮርክ ሳለች ያስተማራት ቀራፂ ኦሲፕ ዛድኪን ከእሷ ጋር በዚህ ይከራከር ነበር። እሱ ሥነ ጥበብ ከዓለም አቀፉ ሰው መጀመር አለበት ባይ ነው። እሷ ደግሞ ከራስ ሕዝብ ተነስቶ ነው ወደ ዓለም የሚደረሰው ትላለች። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ የአሜሪካ ገበሬ ስዕል ፊት ቆማ "አያታችን" ካለች ክርክሩን ማን እንደረታ እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ ተዘጋው በር ልመለስ።

ካትሌት ሜክሲኮን እንደ እንግዳ አልኖረችባትም። ከቻርለስ ዋይት ተፋታ በ1947 የወርክሾፑን ባልደረባ ፍራንሲስኮ ሞራን አገባች፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደች። ኋላም በአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ቅርጻ ቅርጽ አስተማረች። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ግን ያ ወርክሾፕ በአሜሪካ መንግሥት ዓይን የኮሚኒስት ጎሬ ነው። እሷም ትጠበቅ ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ከባቡር ሠራተኞች አድማ ጋር በተያያዘ ሜክሲኮ ውስጥ ታስራለች። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት 33ኛ አንቀጽ ደግሞ የውጭ ዜጋ በፖለቲካ ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል፤ ቢያስገባ ይባረራል። ልጆቿ ሜክሲኳዊ፣ ባሏ ሜክሲኳዊ፣ እሷ የምትባረር። በ1962 የሜክሲኮ ዜግነት ወሰደች።

አሜሪካም "የማትፈለግ የውጭ ዜጋ" አለቻት። ዋሽንግተን የተወለደችውን ሴት። ቪዛ ብትጠይቅ ከለከሏት።

ሰውየው ሲከለከል ግን ወረቀት ይገባል። አሥራ አምስቱ ሊኖከቶች ገና ቀድመው፣ በ1947 ማብቂያ ላይ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የጥቁሮች ጋለሪ ታይተው ነበር። በ1960ዎቹ የጥቁሮች ትግል ሲግል እሷ ከሜክሲኮ ሆና መቁረጧን ቀጠለች። በ1969 የማልኮም ኤክስን ፊት በጥቁር ልጃገረዶችና ሴቶች ፊት ከብባ አተመችው። በ1972 ደግሞ የታሰረችውን አንጀላ ዴቪስን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አተመች። ስዕል ታጥፎ በፖስታ ይላካል። ከገበታው ሌላ ቅጂ ይወጣል። ነሐስ ብቻ ብትሠራ ኖሮ ጉምሩክ ላይ በቀረ።

በ1970 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ የጥቁር አርቲስቶች ጉባኤ ተደረገ። ተጋበዘች፤ ቪዛ ተከለከለች። በስልክ ተናገረች። ጉባኤተኛው ተቀምጦ ከሜክሲኮ የሚመጣውን ድምፅ ሰማ። ለጥቁር ሕዝብ አደጋ ለሆነ ሥርዓት አደገኛ ተብዬ ከሆነ ክብሩ ይገባኝ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፣ እኔ ጥቁር አብዮታዊ አርቲስት ነኝ፣ ከነትርጉሙ ሁሉ አለች። እኛ ያየነው ኤግዚቢሽንም ርዕሱ የተወሰደው ከዚያ የስልክ ንግግር ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእትዬ ጋር በስልክ ስለ አገር ጉዳይ ስንከራከር አፌ አመለጠኝ። "አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ? ፓስፖርትሽም የእነሱ ነው" አልኳት። እትዬ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደች ቆይታለች። ሕጋችን ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የኢትዮጵያዊነቱ ወረቀት ቀርቷል፤ በቢጫ ካርድ ነው የምትመላለሰው። በዚያ ስልክ ላይ አልመለሰችልኝም። "ደህና እደር" ብላ ዘጋች። ከዚያም በሚቀጥለው ወር እንደ ወትሮዋ ደወለች። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እንዳልተባለ ሆኖ አለፈ። አልፎ ነበር ወይ?

ሩቅ ያለ ሁሉ አገሩን በትክክል ያያል ማለቴ አይደለም። ርቀት ብዙውን ጊዜ ያስዋሻል፤ አገሩን ጥሎ በሄደበት ቀን ላይ አቁሞ፣ በዚያ ፎቶ ሲጣላና ሲታረቅ የሚኖር ሰው ሞልቷል። ካትሌትን ከዚህ ያዳናት ርቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ሥራዋን በየሳምንቱ ፊቷ ላይ የሚተቹላት ሰዎች መካከል ነበረች። የምትሥለውም ሕልሟን ሳይሆን የምታውቃቸውን ሴቶች ነበር፦ የአያቷን ትውልድ፣ የሀርለም ተማሪዎቿን። የኖረችበትንም አገር አልናቀችም፤ የሜክሲኮ ሴቶችንም በዚያው መሮ ቀርፃለች። ርቀቱ የሰጣት ሌላ ነገር ነው፤ ሳትቸኩልና ሳትባረር የምትሠራበት ጠረጴዛ። አገሯ ውስጥ ያጣችው እሱን ነበር።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ስለ አገሩ ሲናገር የምጠይቀው የት እንደቆመ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ መጥረጊያውን ልክ ይዞት እንደሆነ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1971 ሀርለም የሚገኘው ስቱዲዮ ሙዚየም ኤግዚቢሽን አዘጋጀላት፤ ወዳጆቿ ለመንግሥት ደብዳቤ አዘነቡ፤ በልዩ ፈቃድ ገባች። በ2002 የአሜሪካ ዜግነቷ ተመለሰላት፤ 87 ዓመቷ ነበር። በ2008 ያ በቆዳዋ ምክንያት የመለሳት የፒትስበርግ ተቋም፣ ስሙን ካርኒጊ ሜለን ብሎ፣ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በ2012 ኩዌርናቫካ፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በ96 ዓመቷ አረፈች። በ2017 ደግሞ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተማሪዎች መኝታ ቤት ሠርቶ በስሟ ሰየመው። አልጋ የከለከላት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባላል፤ ይከበራል እንጂ፣ ሲከበር ግን ብዙውን ጊዜ ማደሪያ በማያስፈልገው ሰዓት ነው።

ከኤግዚቢሽኑ መውጫ ላይ ያለው ሱቅ ውስጥ እትዬ የመርፌ ቁልፏን ሴት ፖስትካርድ ሁለት ገዛች። መኪናዋ ውስጥ ገብተን ቀበቶ ስናስር፣ ስንት ዓመት ሲያንቀኝ የኖረውን አወጣሁት።

"እትዬ፣ ያኔ በስልክ ያልኩሽን…"

"አስታውሳለሁ" አለች፤ እንድጨርስ አልጠበቀችም። ሞተሩን አላስነሳችም። "የዚያን ሌሊት ሥራ ነበረኝ። አንዲት አሮጊት ነው የማስታምመው። እየነካካኋት አለቀስኩ፤ እሷ ታማ መስሏት እኔን ታጽናናለች።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከሁለቱ ፖስትካርዶች አንዱን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው።

"ስልኩ አጠገብ አስቀምጣት" አለች። "ስትከራከረኝ እሷን እያየህ ተከራከር።"

ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።